ዳሺው ለምን ዓሣ ዓሣ ሸተተ? የጃፓን መረቅ ሲበላሽ መፍትሄው

ወጥ ሲሠራ ያደገ ሰው ዳሺ ላይ የሚሳሳተው በአንድ ነገር ነው። ያበስለዋል። እኛ ቁሌት ላይ አንድ ሰዓት መቆም አይከብደንም፤ መረቅ ሲባልም ሥጋው ካጥንቱ እስኪላቀቅ መቀቀል ነው የምናውቀው። ዳሺ ግን ከሥጋ መረቅ ይልቅ ለሻይ ይቀርባል። ይዘፈዘፋል፣ ይሞቃል፣ ይጣራል፣ አለቀ።

ለአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ኮምቡ እና ከ20 እስከ 30 ግራም ካትሱኦቡሺ ይበቃል። ኮምቡ የደረቀ የባሕር አረም ነው፤ አብዛኛው ከሰሜን ጃፓኗ ደሴት ከሆካይዶ ይመጣል። ካትሱኦቡሺ ደግሞ የቱና ዘመድ የሆነ ዓሣ ተቀቅሎ፣ በጭስ ታጥኖ፣ እንደ እንጨት እስኪጠነክር ደርቆ ነው የሚሠራው። ከዚያ በመላጊያ ተልጎ እንደ ስስ ወረቀት ይሆናል።

ኮምቡውን በቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፤ በትንሽ እሳት አሙቁት። የድስቱ ዳር ትንንሽ አረፋ መያዝ ሲጀምር ኮምቡውን አውጡ። ውሃውን አፍሉ፣ እሳቱን አጥፉ፣ ካትሱኦቡሺውን በትኑበት። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ሲሰምጥ አጥልሉት። ችግሩ የሚፈጠረው እዚህ መሃል ነው።

እንደ ተልባ ውሃ ተዝለገለገ

ኮምቡው ፈልቷል ማለት ነው። ሲፈላ የሚያዝለገልግ ነገር ይለቃል፤ የባሕር ሽታውም ይከተላል። የተዝለገለገውን መመለስ አይቻልም። ግን አትድፉት፤ ሚሶ (ከአኩሪ አተር ተብላልቶ የሚሠራ ጨዋማ ሊጥ) ባለበት ሾርባ ውስጥ ብዙም አይታወቅም።

ለሚቀጥለው ጊዜ ቴርሞሜትር ያለው ሰው 60 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት ያቆየው። የሌለው ማታ ኮምቡውን ውሃ ውስጥ ከቶ ፍሪጅ ያስገባና ይተኛ። እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። እየተኛችሁ የምታበላሹት ነገር የለም።

ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ መጨረሻ ላይ ይመራል

መጀመሪያ እጃችሁን ጠይቁ። ስታጠልሉ ሻሹን ጨመቃችሁት? እጅ ያሳክካል፣ አውቃለሁ፤ ያቺ የቀረች መረቅ ታሳሳለች። ግን ምሬቱና የዓሣው ሽታ የሚወጣው በጭመቃው ነው። ራሱ እስኪንጠባጠብ ተዉት።

ካልጨመቃችሁ፣ ምናልባት እሳቱን ሳታጠፉ ቆይታችኋል። ብዙ የምግብ አሠራሮች ውሃው ከፈላ በኋላ ትንሽ ይቀዝቅዝ ይላሉ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ይሄን መጠበቅ የለበትም፤ ከከፍታው የተነሳ ውሃው የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እሳቱን አጥፍቶ ወዲያው መበተን ነው።

ሁለቱም ካልሆነ ፓኮውን አሽትቱት። ተከፍቶ የከረመ ካትሱኦቡሺ አየር ያበላሸዋል። አየር እንዳይገባው አስራችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት።

ለሚያሳሳው ሰው ደግሞ መፍትሄ አለ። ቡና አቦል ከተጠጣ በኋላ ጀበናው አይደፋም አይደል? ዳሺም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያው ኢቺባን ዳሺ ይባላል፤ ጠርቶ ለሚቀርብ ሾርባ ይሆናል። ቶናው ኒባን ዳሺ ነው። የወጣውን ኮምቡና ካትሱኦቡሺ በግማሽ ሊትር ውሃ አሥር ደቂቃ ያህል በትንሽ እሳት ቀቅሉት። ለሚሶ ሾርባና ለአትክልት ቅቅል ይሆናል። እዚህ ላይ መጭመቅም ብዙ አይጎዳም።

ውሃ ውሃ ይላል

የብዙ ሰው ቅሬታ ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ምንም አልተበላሸም። ዳሺ ጨው የለውም። በስኒ ቀድታችሁ ቁንጥር ጨው ጣል አድርጉበትና ቅመሱት። ከነቃ፣ ሥራችሁን በትክክል ሠርታችኋል።

በጨውም ካልነቃ የት ጎደለ? እ.ኤ.አ. በ1908 የቶኪዮው የኬሚስትሪ ሊቅ ኪኩናኤ ኢኬዳ ከኮምቡ ውስጥ ግሉታሜት የተባለውን ጣዕም ሰጪ ነገር አውጥቶ ጣዕሙን ኡማሚ አለው፤ ከጨው፣ ከጣፋጭ፣ ከኮምጣጣና ከመራራ የተለየ አምስተኛ ጣዕም ማለት ነው። በ1913 ሺንታሮ ኮዳማ ካትሱኦቡሺ ውስጥ ኢኖሲኔት የተባለ ሌላ ጣዕም ሰጪ አገኘ። ሁለቱ ሲገናኙ ጣዕሙ ለየብቻ ካላቸው ድምር እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ አንዱን ቀንሳችሁ ከሆነ፣ ሌላውን በመጨመር አይካካስም።

ሌላው ስህተት ከንጽሕና የሚመጣ ነው። ኮምቡ ላይ ነጭ ዱቄት አለ። ሻጋታ መስሏችሁ በቧንቧ ውሃ አጥባችሁት ከሆነ ጣዕሙን ነው ያጠባችሁት። እርጥብ ጨርቅ አስነክቶ አቧራውን ማንሳት ይበቃል።

ውሃውም ራሱ ሊሆን ይችላል። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ከኮምቡ ጣዕም ማውጣት ያቅተዋል። የኪዮቶ ዳሺ ዝናው ከለስላሳ ውሃዋ ጋር የተያያዘ ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ፣ ካልሲየምና ማግኒዚየሙ አነስተኛ የሆነ የታሸገ ውሃ ሞክሩ።

ደፈረሰ

ጨምቃችሁታል፣ ወይ አማስላችሁታል። ካትሱኦቡሺ አይማሰልም። መድፍረሱ ለጤና ምንም አይልም፤ ለሚሶ ከሆነ እርሱት።

በኒቦሺ የሠራሁት መረረ

ኒቦሺ ትንንሽ የደረቀ ሳርዲን ነው። ጭንቅላቱንና ጥቁሯን የሆድ ዕቃ አውጡ። ምሬቱ እዚያ ነው ያለው።

ጾም ነው፣ ዓሣ አላስገባም

የጃፓን የዜን ቡድሂስት ገዳማት ባህላዊ ምግብም ሥጋና ዓሣ የለበትም፤ ዳሺው የሚሠራው በኮምቡና በደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ ነው። እዚህ የሚገጥመው ችግር ምሬት ነው። የሚመጣው ደግሞ እንጉዳዩን በፈላ ውሃ ለመዘፍዘፍ ከመቸኮል ነው። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ፍሪጅ፣ አንድ ሌሊት። ብዙ እንጉዳይ ከገባ ሁሉን ይሸፍናል፤ ለሊትር ሦስት አራት ፍሬ ይበቃል።

ሾርባው ጨው በዛበት

በዱቄት ዳሺ ከሠራችሁ፣ ጨው ቀድሞውኑ አለበት። ሚሶውን ወይም ሶያ ሶሱን ቀንሱ።

አንድ ከጣዕም ውጪ የሆነ ነገር ልጨምር። ኮምቡ ውስጥ ያለው አዮዲን እጅግ ብዙ ነው። የእንቅርት ወይም የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰው ዳሺን የዘወትር ምግቡ ከማድረጉ በፊት ሐኪሙን ያማክር። በካትሱኦቡሺ ብቻ የተሠራውም ይጠጣል፤ ትንሽ ይሳሳል እንጂ።

የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ ይኮመጥጣል፤ ከኮመጠጠ ይደፋ። ቶሎ የማትጨርሱት ከሆነ በበረዶ መሥሪያ ቅርጽ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡትና፣ ስትፈልጉ ሁለት ሦስት ፍሬ ድስት ውስጥ ጣል ማድረግ ነው።