ቻትጂፒቲ መልሱን ሳያወጣ ሊሚቲንግ ሪአክታንትን እንዴት ማስተማር ይቻላል

ሊሚቲንግ ሪአክታንት ማለት ከሌላው ቀድሞ አልቆ ሪአክሽኑን የሚያቆመው ንጥረ ነገር ነው። እዚህ በአቼቶና በቤኪንግ ሶዳ እናሳየዋለን፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ፊኛ ይነፋል። ተማሪው ከሙከራው በፊት ስልኩን ከፍቶ ቻትጂፒቲን ከጠየቀ ጥያቄው እዚያው ይሞታል። ስለዚህ ስልኩ መምህሩ ጋር ይቆይ፤ የሚከፈተውም ፊኛዎቹ ከተነፉ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ስሌቱን በእጅዎ ይሥሩ። በ50 ሚሊ ሊትር ባለ 5 ፐርሰንት አቼቶ ውስጥ 0.042 ሞል (የኬሚስትሪ የብዛት መለኪያ) አሲድ አለ። ያንን የሚጨርሰው 3.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ነው (0.042 × 84፤ 84 የአንድ ሞል ሶዳ ክብደት በግራም ነው)። ጠርሙሱ ላይ 4 ፐርሰንት ከተጻፈ ወደ 2.8 ግራም ይወርዳል። ቤኪንግ ፓውደር ግን አይሆንም፤ የራሱ አሲድና ስታርች ስላለበት ቁጥሩን ሁሉ ያዛባል።

ከዚያ አምስት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያዘጋጁና በየአንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር አቼቶ ይጨምሩ። ሶዳውን 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 5 ግራም አድርገው በአምስት ፊኛ ይክፈሉ። ፊኛውን በሃይላንዱ አፍ ላይ ማጥለቅ ነው፤ ክዳን በፍጹም አይዘጋበት፣ ይፈነዳል። ሶዳው ወደ አቼቶው እንዲወርድ ፊኛው ከመገልበጡ በፊት እያንዳንዱ ቡድን የትኛው ፊኛ ይበልጥ እንደሚነፋ ይጻፍ። 5 ግራሙን የሚመርጡ አይጠፉም። ሲገለበጥ ግን 4 እና 5 ግራሙ እኩል ይሆናሉ፤ 5 ግራሙ ሃይላንድ ውስጥ ከአሲዱ ጋር ያልተዋሃደ ሶዳ ይተርፋል።

አሁን ስልኩን ያውጡና ለቻትጂፒቲ ይህን ይጻፉ፦ «የኬሚስትሪ መምህር ረዳት ነህ። መልስም ፎርሙላም አትስጥ። ተማሪዎች ልኬታቸውን ሲነግሩህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ። ሦስቴ ከተሳሳቱ ትንሽ ፍንጭ ስጥ።» ምልልሱ ሲረዝም መመሪያውን ዘንግቶ መልሱን ሊዘረግፈው ይችላል፤ ያኔ መመሪያውን እንደገና ይለጥፉ። የአማርኛ ቃላቱ ከተምታቱበት በመማሪያ መጽሐፉ ቋንቋ ይጻፉለት።

ተማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉት ልኬቱ ላይ ነው። ፊኛውን በክር ዙሪያውን ሲለኩ ከ1 ወደ 3 ግራም ሲሄድ ዙሪያው ከ28 ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ያድጋል፤ «ሦስት እጥፍ አልሆነም» ብለው ሙከራውን ይጥላሉ። ይዘቱ የሚያድገው ግን በዙሪያው ኩብ ነው። ማሽኑ «የለካችሁት ርዝመት ነው ወይስ ይዘት?» ብሎ እንዲጠይቅ ያድርጉት።

በመጨረሻ 3.5 ግራም ሶዳ ስንት ሊትር ጋዝ እንደሚሰጥ ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ 1 ሊትር ገደማ ይላል፤ የባሕር ጠለል ግፊት ወስዶ ማለት ነው። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ግፊቱ የዚያ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ስሌቱ ወደ 1.3 ሊትር ይደርሳል፣ አቼቶው ውስጥ ሟሙቶ የሚቀረው ጋዝ ጥቂት ቢቀንሰውም። ይህን መምህሩ አይናገር። ተማሪዎቹ ራሳቸው «በስንት ግፊት አሰላህ?» ብለው እስኪጠይቁት ይጠብቁ።