የልቦለድ ኢንፎግራፊክ፦ መጀመሪያ ቁጠሩ፣ ከዚያ ሳሉ

ለእንግሊዝኛ ክፍል የሚቀርቡልኝን ኢንፎግራፊኮች ሳርም አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። መሃል ላይ የመጽሐፉ ሽፋን፣ በግራ የደራሲው ፎቶግራፍ፣ በቀኝ የገጸ ባሕርያት ዝርዝር፣ ከታች ደግሞ በጥቃቅን ፊደላት የታጨቀ የታሪኩ ማጠቃለያ። ያማረ ፖስተር ነው እንበል፤ ኢንፎግራፊክ ግን አይደለም። ኢንፎግራፊክ ስለ መጽሐፉ አንድ ነገር ይሞግታል፤ ማስረጃውንም ለዓይን ያቀርባል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ገና አትክፈቱት። እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ፣ ሌላ ሰው «እኔ አልስማማም» ሊላችሁ የሚችልበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ልቦለዱ ስለ ባህል ግጭት ነው» ብትሉ የሚከራከራችሁ የለም፤ የማያከራክር ነገር ደግሞ ማስረጃ አይፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ1958 የታተመውን የናይጄሪያዊውን ደራሲ የቺኑዋ አቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» ልቦለድ እንውሰድ። ብዙ ተማሪዎች ዋናውን ገጸ ባሕርይ ኦኮንኮን የጣሉት ሚስዮናውያኑና የቅኝ ገዢው አስተዳደር እንደሆኑ ይጽፋሉ። እኔ ደግሞ «የኦኮንኮ ውድቀት የጀመረው ሚስዮናውያኑ ከመምጣታቸው በፊት ነው» ልበል። ይህ ያከራክራል።

ቀጥሎ ቆጠራ ይመጣል። ብዙዎቻችሁ የምትዘልሉት እሱን ነው፤ ለእኔ ግን ከሥራው ሁሉ የሚጣፍጠው ይህ ነው። መጽሐፉ 25 ምዕራፎች አሉት፤ በመጀመሪያው ክፍል 13፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ስድስት ስድስት። መጽሐፉን እንደገና እየገለጣችሁ፣ ኦኮንኮ በገዛ እጁ ጉዳት የሚያደርስባቸውን ቦታዎች መዝግቡ። በምዕራፍ 4፣ ጠብ በተከለከለበት የሰላም ሳምንት፣ ሚስቱን ይደበድባል። በምዕራፍ 5 በሌላዋ ሚስቱ ላይ ጠመንጃ ይተኩሳል፤ ደግነቱ ይስታታል። በምዕራፍ 7 ቤቱ ያደገውንና «አባቴ» እያለ የሚጠራውን ልጅ ኢኬሜፉናን በገጀራ ይገድላል። በምዕራፍ 13 በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ጠመንጃው ፈንድቶ የሟቹን ልጅ ይገድልበታል፤ በዚህም ለሰባት ዓመት ይሰደዳል። ሚስዮናውያኑ እሱ በተሰደደበት በምባንታ የሚታዩት በምዕራፍ 16 ነው።

ክርክራችሁን የሚቃወመውንም መዝግቡ። በምዕራፍ 17 ልጁ ንዎዬ ወደ አዲሱ ሃይማኖት ይሄዳል፤ በምዕራፍ 23 ኦኮንኮና ሌሎች አምስት መሪዎች ይታሰራሉ። ይህን የሸሸገ ተማሪ ከእኔ ሙሉ ነጥብ አያገኝም።

አሁን ሳሉ። የኤ4 ወረቀት ቁመት 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ከላይ ለርዕሱ ቦታ ትታችሁ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጭን ዓምድ አስምሩ፤ አንድ ምዕራፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ምዕራፍ 16 የሚጀምርበት ላይ ዓምዱን የሚያቋርጥ አግድም መስመር ይግባ። ኦኮንኮ ያደረገውን በስተግራ፣ ከውጭ የመጣበትን በስተቀኝ በነጥብ አመልክቱ። ከመስመሩ በላይ በግራ አራት ነጥቦች ይደረደራሉ፤ በቀኝ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በምዕራፍ 15 የሚሰማው፣ ነጮች የአባሜን መንደር አጠፉ የሚለው ወሬ። አንባቢው አንድም ቃል ሳያነብ ወዴት እያመራችሁ እንደሆነ ያያል። ክቡን፣ እንደ ዳቦ የሚቆራረጠውን ሰንጠረዥ እዚህ አታምጡት፤ እሱ ድርሻን እንጂ ቅደም ተከተልን አያሳይም። በቁጥርም ተጠንቀቁ፦ ከ25 ምዕራፎች 15ቱ ማለፋቸው «60 በመቶ የሚሆኑት ምዕራፎች» ያሰኛል እንጂ «60 በመቶ የመጽሐፉ» አያሰኝም፤ ምዕራፎቹ ርዝመታቸው እኩል አይደለምና።

ቋንቋውም ይታረማል፤ የእንግሊዝኛ ክፍል መሆኑን አትርሱ። በልቦለዱ ውስጥ የሚሆነው ነገር በአሁን ጊዜ ግሥ ይጻፋል። አንዱን ነጥብ በአሁን፣ ቀጣዩን በኃላፊ ጊዜ መጻፍ በየዓመቱ የማየው ስሕተት ነው። ከእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ ከስድስት ወይም ከሰባት ቃላት ያልበለጠ ሐረግ ይበቃል። ከመጽሐፉ ቃል በቃል ከወሰዳችሁ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡና የምዕራፉን ቁጥር ጨምሩ፤ የገጽ ቁጥር ከእትም እትም ይለያያል። የመጽሐፉ ርዕስ በሰያፍ ፊደል ይጻፋል።

ስለ ማስዋቡ ብዙ አልልም። ካንቫም ሆነ ፓወርፖይንት ሥራውን ይሠራሉ። ዝግጁ ቅርጾቹን ግን አልወዳቸውም፤ አምስት ሳጥን ያለው ቅርጽ ከመረጣችሁ፣ የምትሉት ቢያልቅም አምስቱን ለመሙላት ትደክማላችሁ። ሁለት የፊደል ዓይነትና ሦስት ቀለም በቂ ነው። ግራና ቀኙን በቀይና በአረንጓዴ ብቻ አትለዩ፤ ሁለቱን ቀለሞች መለየት የማይችሉ አንባቢዎች አሉ። አንዱን ክብ፣ ሌላውን አራት ማዕዘን ብታደርጉት በጥቁርና ነጭ ቢታተምም ይነበባል።

ከማስረከባችሁ በፊት ርዕሱን በወረቀት ሸፍናችሁ መጽሐፉን ላላነበበ ሰው አሳዩትና «ይህ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ መጀመሪያ በእርሳስ ከጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር ጋር ከተቀራረበ በፒዲኤፍ አስቀምጡና ላኩ። «ቀለሙ ያምራል» ብቻ ካለ ግን ጽሑፍ ቀንሱ፣ ነጥቦቹን አጉሉ፣ ከዚያም ሌላ ሰው ፈልጉ።