ጥላው ሳይጠፋ፣ መብራቱ ሳይቃጠል፦ የሌሊት ጎዳና በጥቁርና ነጭ ፊልም

የሌሊት ጎዳና ለፊልም የሚከብደው በጨለማው ብቻ አይደለም፤ አምፖሉና የግድግዳው ጥላ በብርሃን እጅግ የተራራቁ ስለሆኑ ነው። ብዙ ሰው ባለ 400 ፊልሙን (ቁጥሩ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ንቃት፣ አይኤስኦ ነው) እንደ 1600 ቆጥሮ ያነሳና ምስሉን በሚያወጣው ኬሚካል፣ በማጠቢያው፣ ውስጥ ረዘም አድርጎ ያቆየዋል። ይህ ጥላው ላይ ያላረፈ ብርሃን አያመጣም፤ መብራቱን ብቻ ይበልጥ ያቃጥለዋል። የሚሠራው ተቃራኒው ነው፦ ብርሃን ጨምሮ ማንሳት፣ ጊዜ ቀንሶ ማጠብ።

ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም በ400 እንውሰድ። ካሜራው ትራይፖድ ላይ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ/8 ላይ ይሁን። ከዚያ ካጠበባችሁት ጊዜው ይረዝማል፣ አምፖሎቹም ጨረር ያወጣሉ። ዝርዝሩ እንዲታይ የምትፈልጉትን ጥላ ብቻ ለኩ፤ ስፖት ሜትር (ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካ የብርሃን መለኪያ) ከሌለ ጠጋ ብላችሁ ጥላው ፍሬሙን እንዲሞላ አድርጉ። ሜትሩ 40 ሰከንድ ቢል ሁለት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) ቀንሱና 10 አድርጉት፤ አለዚያ ጥላው ግራጫ ሆኖ ይወጣል።

10 ሰከንዱም ገና አይበቃም። ብርሃኑ ደካማ ሆኖ ጊዜው ሲረዝም ፊልም ይሰንፋል። ለኤችፒ5 የተለካው 5 ሰከንድ ወደ 8፣ 10 ወደ 20፣ 20 ወደ 50፣ 30 ወደ 86 ያድጋል። መጀመሪያ ስቶፑን ቀንሱ፣ ከዚያ አርሙ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ከ20 ይልቅ 31 ሰከንድ ገደማ ይወጣል። ስንፍናው የሚበረታው ጥላው ላይ ነው። መብራቱ ግን የተጨመረለትን ሰከንድ ሁሉ ይጠጣል፣ ስለዚህ ልዩነቱ ይብሳል።

ይህን የሚያስተካክለው ማጠቢያው ነው። ጥቅልሉን ከቀን ፎቶ ጋር አትቀላቅሉ። አይዲ-11 የተባለውን ማጠቢያ ከእኩል ውሃ ጋር በ20 ዲግሪ ስትጠቀሙ መደበኛው ጊዜ 13 ደቂቃ ነው፤ እናንተ ከ10 ጀምሩ። ታንኩን በየደቂቃው መጀመሪያ ባሉት 10 ሰከንዶች 4 ጊዜ ገልብጡ። መገልበጡን ጨርሶ የሚተዉ አሉ፤ መብራቱን ይገራዋል፣ ግን ከፊልሙ ቀዳዳዎች የሚነሳ መስመር ሊያስከትል ስለሚችል ለማይደገም ፎቶ አንመክረውም። የተበረዘውን ማጠቢያ አንዴ ተጠቅማችሁ ድፉት።

ኔጌቲቩ (ብርሃን ጠቁሮ፣ ጥላ ነጥቶ የሚታይበት የታጠበ ፊልም) ሲደርቅ ጥላውን እዩ። እንደ መስታወት ከጠራ ያነሰው ብርሃን ነው፤ በሚቀጥለው የሰከንዱን ቁጥር እጥፍ አድርጉ እንጂ የማጠቢያውን ጊዜ አትንኩ። ጥላው ጥሩ ሆኖ በመብራቱ ዙሪያ ያለው ግድግዳ ከጠቆረ፣ ከማጠቢያው ሌላ አንድ ደቂቃ ቀንሱ። አምፖሉ በፍሬሙ ሌላ ጎን ተገልብጦ ከታየ ግን ኬሚካሉን አትውቀሱ፤ ሌንሱ ላይ የተጠመደውን ፊልተር አውልቁ።