ተጎታች ይዞ ከለገጣፎ ወደ ሰሜን፦ የረጅም ጉዞ ዝግጅት

ከለገጣፎ ተነስቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴና ወልድያ ተጎታች ይዞ ለመጓዝ ያሰበ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ የመንገዱን ጸጥታ ከመስመሩ ሾፌሮች ማጣራት፣ የመኪናውንም ሆነ የተጎታቹን ሊብሬና ቦሎ ማሟላት ይኖርበታል።

ብዙዎች ችላ የሚሉት የጭነት አደራደርን ነው። ከባዱ ዕቃ ከተጎታቹ አክሰል (ጎማዎቹን ከሚያያይዘው ዘንግ) ትንሽ ወደ ፊት፣ ከወለሉ ጋር ተጠግቶ ይታሰር፤ ተጎታቹን ከመኪናው ጋር በሚያያይዘው መንጠቆ ላይ የሚያርፈውም ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን። ለምሳሌ 1,000 ኪሎ ለሚመዝን ተጎታች ከ100 እስከ 150 ኪሎ ማለት ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ካጋደለ ተጎታቹ በፍጥነት ጊዜ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የሚያዋጣው ፍሬን በኃይል መርገጥ ሳይሆን፣ እግርን ከነዳጅ ላይ አንስቶ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው።

ዋናው ፈተና ጣርማ በር ነው። መንገዱ ጣሊያኖች የሠሩትን ዋሻ አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሚወርድ፣ ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ጉም ካለም (ብዙ ጊዜ አለ) እስኪገለጥ መቆየት ይሻላል። ደብረ ሲና ላይ ቆመው እጅዎን ወደ ቸርኬው ጠጋ ያድርጉ፤ ከሩቅ የሚጋረፍ ሙቀት ወይም የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ካለ፣ እስኪበርድ አይንቀሳቀሱ።

ለተጎታቹ የራሱ ትርፍ ጎማ ይያዝ፤ የመኪናው ብዙውን ጊዜ አይገጥመውም። ከብት መንገድ ላይ ስለሚያድር በሌሊት አይነዳም።