በጂማ አካባቢ የጥጃ ተቅማጥ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የጂማ ክረምት ጋጣውን ጭቃ ሲያደርገውና ጥጃ ተቅማጥ ሲይዘው አርቢው ቀድሞ የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው የአንቲባዮቲክ መርፌ ነው፤ መቅደም የሚገባው ግን ጥጃው ስንት ቀኑ ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

በተወለደ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ውስጥ ውሃ የመሰለ፣ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ተቅማጥ ይዞት ያለ ትኩሳት በፍጥነት የሚደክም ጥጃ ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ኢ. ኮላይ ነው። ይህ ባክቴሪያ አንጀት ላይ ተጣብቆ በሚያመነጨው መርዝ ምክንያት ውሃና ጨው ከሰውነት እየተሟጠጡ ስለሚወጡ፣ ጥጃውን በአብዛኛው የሚገድለው የፈሳሽ እጥረት ነው። ከአምስት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ዕድሜ ሮታቫይረስና ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ስለሚያመዝኑ አንቲባዮቲክ ጥጃውን አያድነውም። ከዚያ ከፍ ባለ ዕድሜ ትኩሳት፣ ደምና መጥፎ ሽታ አንድ ላይ ከታዩ ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ወደ ሰው የሚተላለፍ በመሆኑ ልጆችን ከጋጣው ማራቅ ያስፈልጋል። ሦስት ሳምንት ያለፈው ጥጃ ትኩሳት ሳይኖረው እያማጠ ደም ከቀላቀለ ግን ምናልባት ኮክሲዲያ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ምልክቶቹ ስለሚደበላለቁ እርግጡን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው፤ ናሙናውም አንቲባዮቲክ ከመሰጠቱ በፊት ይወሰድ።

ውጤቱ እስኪመጣ ግን ፈሳሽ መተካት አይዘገይም። የአንገቱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ሲለቁት ከሁለት ሰከንድ በላይ ተጨማዶ ከቆየና ዓይኑ ከጎደጎደ ጥጃው ተጎድቷል። ቆሞ መጥባት ከቻለ ለጥጃ የተዘጋጀ የጨው ውህድ፣ ካልተገኘም ለሰው የሚሸጠውን “ለምለም” የተባለ የተቅማጥ ጨው (ኦአርኤስ) በማሸጊያው መመሪያ መሠረት በንጹሕ ውሃ በጥብጦ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እስከ ሁለት ሊትር መስጠት ይቻላል። ወተቱ አይከልከል፤ ከውህዱ ጋር ግን አይቀላቀል። መጥባት አቅቶት የተኛውን ጥጃ በጠርሙስ መጋት ፈሳሹን ወደ ሳንባ ሊያስገባ ስለሚችል፣ ባለሙያ ተጠርቶ በደም ሥር ይሰጠው።

በሽታው በየወሊዱ ከተመላለሰ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የእንገር ማነስ ወይም መዘግየት ነው። እንገር ሲበዛ ጥጃ ያስቀምጣል የሚለው እምነት ስህተት ነው፤ 30 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ውስጥ ሦስት ሊትር ያህል ማግኘት አለበት፤ ከአንድ ቀን በኋላ አንጀቱ በእንገር ውስጥ ያለውን በሽታ ተከላካይ ወደ ደም ማሳለፉን ያቆማልና። ከእንገሩ ቀጥሎ ደረቅ ጉዝጓዝ ይምጣ። የታመመው ለብቻው ይታሰር፤ ጤነኞቹ ቀድመው ይመገቡ፤ እሱ በመጨረሻ፣ በራሱ ዕቃ።