አይጥ ቤታችሁ ገብታለች? ከመርዙ በፊት ቀዳዳውን ፈልጉ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱ አይጥ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይታወቃል። መንገድ ላይ እየጮኸ ከሚሸጠው ልጅ መርዝ ይገዛል። ሁለት ሦስቱ ይሞታሉ፣ ቤቱ ይሸታል፣ ትንሽ ቆይቶ ኮርኒሱ ላይ ሩጫው እንደ አዲስ ይጀመራል።

አይጥ የገባችው በቀዳዳ ነው። የቆየችው ምግብ ስላገኘች ነው። ሁለቱ እስካሉ ድረስ በሞተችው ቦታ ሌላ ትመጣለች። የቤት አይጥ ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ አርግዛ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ትወልዳለች። ልጆቿም በ6 ሳምንት አካባቢ ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። በመግደል ብቻ ይህን ፍጥነት መቅደም ዘበት ነው። ስለዚህ ከምታዩትና ከምትሰሙት ምልክት እንነሳ።

ሌሊት ኮርኒስ ላይ ሩጫ፣ ግድግዳ ውስጥ መቧጨር

መጀመሪያ የትኛዋ እንደሆነች ለዩ። ትንሿ የቤት አይጥ ናት ወይስ ትልቁ የፍሳሽና የጊቢ አይጥ? የሚለየው ኩሱ ነው። የትንሿ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ጫፉ ሹል ነው፣ በየቦታው ተበትኖ ይገኛል። የትልቁ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ ወፈር ይላል።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? ጠባያቸው ስለማይገናኝ ነው። ትንሿ አዲስ ነገር ካየች ሄዳ ታሸታለች። ትልቁ ግን ተጠራጣሪ ነው፤ አዲስ ነገር ካየ ለቀናት ሊሸሸው ይችላል። ደግሞም ትንሿ ከጎጆዋ ብዙ አትርቅም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሜትር በታች ነው የምትንቀሳቀሰው። ማድ ቤት ውስጥ ትኩስ ኩስ ካያችሁ ጎጆዋም እዚያው አካባቢ ነው ማለት ነው። ፍሪጅ ጀርባ ሞተሩ የሚሞቅበትን ቦታ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሥር፣ ለዓመት በዓል ብቻ የሚወጡ ዕቃዎች ያሉበትን ካርቶን ፈትሹ።

መንገዷን ለማወቅ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ግድግዳ ሥር ዱቄት በስሱ ነስንሱ። ጠዋት የእግሯ ዱካ ከየት ወደ የት እንደምትሄድ ይነግራችኋል። የጠረጠራችሁት ቀዳዳ ካለ ደግሞ ሶፍት ጠቅልላችሁ ወትፉበት። ጠዋት ተጎትቶ ወይም ተቀዶ ካገኛችሁት ቀዳዳው ሥራ ላይ ነው።

የኮርኒስ ሩጫ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጣሪያው ነው። ቆርቆሮ ሞገድ አለው፣ ግድግዳው ጫፍ ደግሞ ቀጥ ያለ ነው። በሁለቱ መካከል ከጥግ እስከ ጥግ ረድፍ ክፍተት ይቀራል። አናጢው ይህን ሳይደፍን ከሄደ አይጧ በዛፍ ቅርንጫፍ፣ በመብራት ሽቦ ወይም በሻካራው ግድግዳ ወጥታ ትገባለች። መፍትሄው ጥቅጥቅ ያለ የብረት ወንፊት ነው። ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። እሱን በምስማር አጥብቆ ጠርዙን በስሚንቶ መያዝ ነው። ለወባ ትንኝ የሚለጠፈው የፕላስቲክ መረብ ግን አያዋጣም፣ በአንድ ሌሊት ትበሳዋለች። ጣሪያ ላይ የተደገፈ ቅርንጫፍ ካለም ቁረጡት።

የጤፍ ጆንያ ተበስቶ እህል ፈሷል

ምክንያቱ ጆንያው ራሱ ነው። ማዳበሪያም በሉት የፕላስቲክ ከረጢት ለአይጥ ጥርስ ምንም አይደለም። የፊት ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ መቆርጠም ግዴታዋ ነው፤ ሲርባት ብቻ አይደለም የምትቆረጥመው። ለነቀዝ ተብሎ የሚሸጠው ባለሦስት ድርብ ከረጢትም ነቀዝን እንጂ አይጥን አያቆምም።

መፍትሄው ክዳኑ ግጥም የሚል የቆርቆሮ በርሜል ነው። ዋጋው ይከብዳል ካላችሁ ወፍራም ባለክዳን ባልዲም ይሠራል። ጎኑ ለስላሳ ስለሆነ ጥርሷ አይይዝለትም። ጠርዙን ግን አልፎ አልፎ እዩት። ጆንያ የግድ ከሆነ ከመሬት ከፍ ባለ ቋሚ ላይ አስቀምጡ። ከግድግዳውም አንድ ክንድ ያህል አርቁት፤ ከጀርባው መጥረጊያ መግባት አለበት። አይጥ ጎጆ የምትሠራው ማንም በማያንቀሳቅሰው ዕቃ ጀርባ ነው።

የተረሱትን ደግሞ አስቡ። ጣሪያ ላይ ሊደርቅ የተሰጣ ድርቆሽ፣ የውሻው ትራፊ፣ የዶሮው መኖ፣ ልጆቹ ሶፋ ውስጥ የጣሉት ቆሎ። ሌሊት መሶቡም ክዳን አለው ብላችሁ አትተማመኑ፣ ስፌት ነው። ለትንሿ አይጥ በቀን 3 ግራም ምግብ ይበቃታል። ውኃም ብዙ አትፈልግም፣ ከምትበላው ታገኛለች። ስለዚህ «ቤታችን ንጹሕ ነው» ማለት ብቻውን አያወጣም።

አዲስ ጆንያ ከገበያ ወይም ከገጠር ሲመጣም ደጅ ላይ ፈትሹት። አይጧ ከእህሉ ጋር ተጭና የምትመጣበት ጊዜ አለ።

የተበሳውን ጆንያ ምን እናድርገው? ወንፊት ኩሱን ይለያል፣ ሽንቱን ግን አይለይም። በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን በደንብ ዘግናችሁ ጣሉ። የረጠበ ወይም የሚሸት ከሆነ አይታዘንለትም፣ ሁሉም ይጣል።

ወጥመድ አስቀመጥን፣ ግን አልያዘም

«ወጥመድ አይሠራም» የሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ወጥመድ ገዝተው ክፍሉ መሃል ያስቀመጡ ናቸው። አይጥ ክፍል መሃል አትሄድም። ጺሟን ግድግዳ እያስነካች በጥግ በጥግ ነው የምትሮጠው። ወጥመዱን ከግድግዳው ጋር በማዕዘን አስቀምጡ፣ ምግቡ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን ይንካ። ያኔ ከቀኝም ከግራም ብትመጣ መርገጧ አይቀርም።

ቁጥሩም ያንሳል። አንድ ሳይሆን አምስት ስድስት በአንድ ሌሊት አስቀምጡ፣ በየ2 ወይም በየ3 ሜትሩ፣ ኩስና ዱካ ባያችሁበት ቦታ ሁሉ። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ናቸው ብዙ የሚይዙት። አንዱን ወጥመድ እያዘዋወሩ ወር መግፋት አይጧን ማራባት ነው።

ምግቡ ተበልቶ ወጥመዱ ካልተፈነጠረ ችግሩ መጠኑ ነው። ትልቅ የሥጋ ቁራጭ ከጠርዙ እየቆነጠረች ትበላለች፣ ወጥመዱን የሚያስፈነጥረውን ምላስ አትነካውም። አተር የምታክል የለውዝ ቅቤ በቂ ነው። ስለሚጣበቅ ለመላስ ትታገላለች፣ ያን ጊዜ ይይዛታል። የለውዝ ቅቤ ከሌለ የተጠበሰ ሥጋ ቁራጭ በክር አጥብቃችሁ እሰሩ። ማድ ቤቱ በምግብ የተሞላ ከሆነ ደግሞ የእናንተን ምግብ ዞራ አታየውም። ወጥመድ በምታስቀምጡበት ሌሊት ሌላውን ምግብ ሁሉ ዝጉ። ለጎጆ የምትፈልገውን ጥጥ ወይም ክር ምላሱ ላይ ማሰርም ይሠራል፣ በተለይ ልትወልድ ያለች ከሆነች።

የያዛችሁት ትልቁን አይጥ ለማጥመድ ከሆነ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። ወጥመዱን ሳትወጥሩ ምግብ እያደረጋችሁ ለጥቂት ቀን ተዉት። ከለመደው በኋላ ወጥሩት። ለእሱ የሚሆነው ወጥመድም ተለቅ ያለው ነው፤ በትንሹ ከሞከራችሁ ቆስሎ ያመልጣል።

ማጣበቂያውን አልወደውም። አይጧ ሳትሞት ለሰዓታት ትንፈራገጣለች፣ እየሸናች ቤቱን ታበላሻለች። በማግስቱ የምትጮህ አይጥ የተጣበቀችበትን ካርቶን ማንሳት ደግሞ ለማንም ደስ አይልም። ልጅ ወይም የቤት ድመት ከተጣበቀበት በምግብ ዘይት እያሹ ማላቀቅ ይቻላል።

መርዝ አስቀመጥን፣ አልሞተችም፤ ወይም ሞታ ሸተተች

ሁለቱም ከአንድ ቦታ ይመጣሉ። በሱቅ የሚሸጡት በቀለም የተለወሱ ብዙዎቹ መርዞች ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። አይጧ የምትሞተው ከበላች ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሰው በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ሌላ ይጨምራል። አይጧ ደግሞ የትም ልትሞት ትችላለች። «ከበላች በኋላ ውኃ ፍለጋ ውጭ ወጥታ ትሞታለች» የሚባለው ተረት ነው። ጎጆዋ ግድግዳው ውስጥ ከሆነ እዚያው ትሞታለች።

ሽታው ከመጣ ዕጣን ማጨስ ለእንግዳ ያህል ነው። ዝንብ የሚሰበሰብበትን፣ ኮርኒሱ ላይ እድፍ የወጣበትን ቦታ ፈልጉ። ቺፕውዱን አንድ ጎን ፈትቶ ማውጣት ነው የሚሻለው። ማውጣት ካልተቻለ ትንሿ አይጥ ደርቃ ሽታው በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሦስት ሳምንት ይጠፋል። እስከዚያው መስኮት ክፈቱ።

አሁን ከበድ ወዳለው ጉዳይ። መንገድ ላይ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠው ስም የሌለው ዱቄት ምን እንደሆነ ሻጩም አያውቀውም። ጥቁር ግራጫ ሆኖ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ካለው ዚንክ ፎስፋይድ ሊሆን ይችላል። እሱ ሆድ ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይሆናል፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ደም እንዳይረጋ ለሚያደርገው ግን ቫይታሚን ኬ አለ፣ ሐኪም በጊዜ ከደረሰ። ለእህል ነቀዝ የሚሸጠውን ክኒን ደግሞ ሰው በሚተኛበት ቤት በፍጹም እንዳታስቀምጡ። እርጥበት ሲነካው የሚለቀው ጋዝ ቤተሰብ ይጨርሳል።

ልጅ መርዝ ቀምሶ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። ደም የሚያቀጥነው መርዝ ለቀናት ምንም ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። ለማስመለስ ብላችሁ ወተት ወይም ጨው አታጠጡ። መያዣውን ወይም የተረፈውን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ድመት የበላው መርዝ የለም ብላችሁም አትዘናጉ። የተመረዘች አይጥ የበላች ድመት ራሷ ትታመማለች። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንዲሉ፣ የጎረቤት ድመት አልቃ አይጡ ይተርፋል። ሕፃንና የቤት እንስሳ ባለበት ቤት እኔ መርዝ አላስቀምጥም። የግድ ከሆነ ሊከፈት በማይችል ሳጥን ውስጥ ይሁን።

ድመት አለችን፣ አይጡም አለ

ጠግባ የምታድር ድመት የምታድነው ለጨዋታ ነው። ኮርኒስ ውስጥና ፍሪጅ ጀርባም አትገባም። ድመት ትረዳለች፣ ቀዳዳ ግን አትደፍንም። ሶኬት ላይ ተሰክቶ «ድምፅ እያወጣ ያባርራል» የሚባለው መሣሪያም ቢሆን አይጦቹ ቶሎ ይለምዱታል። በዚያ ገንዘብ ስሚንቶ ግዙ።

ገደልን፣ ተመልሳ መጣች

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ትንሿ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በምታህል ክፍተት ትገባለች። እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ በር ነው በሉ። ቀን ቀን በሩንና መስኮቱን ዘግታችሁ ከውስጥ ብርሃን የሚገባበትን ተመልከቱ። ማታ ደግሞ አንዱ ውስጥ ባትሪ ያብራ፣ ሌላው ከውጭ ይይ።

የሚረሱት ቦታዎች ሁልጊዜ አንድ ናቸው። ሲንክ ሥር ቱቦው ግድግዳ ውስጥ የሚገባበት ዙሪያ፣ የውጭ በር ሥር፣ የመብራት ሽቦ የገባበት ቀዳዳ፣ የሻወር ፍሳሽ ክዳን። ጭቃ ቤት ከሆነ ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበት የግድግዳው ግርጌ። በዝናብ ጊዜ እዚያ ያለው ጭቃ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ፎም ብቻውን አትጠቀሙ፣ እንደ ዳቦ ትበላዋለች። መጀመሪያ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቃችሁ ሙሉ፣ ከላዩ ስሚንቶ ለስኑት። የጭቃ ግድግዳ ላይ አባቶቻችን የተሰበረ ጠርሙስ ከጭቃው ጋር ይደባልቁ ነበር፤ ዛሬም ይሠራል፣ እጃችሁን ብቻ ጠብቁ። በር ሥር ጎማ ወይም ወፍራም ብሩሽ አስመቱ።

ቅደም ተከተሉን አትዘንጉ። በመጀመሪያ የውጩን ድፈኑ፣ ምግቡን ዝጉ፣ ከዚያ ውስጥ የቀሩትን በወጥመድ ያዙ። ከውስጥ ብቻ ብትደፍኑ ግድግዳ ውስጥ ያለችው ሌላ መውጫ ትቆፍራለች።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ቱቦዎቹ የሚያልፉበት ሻፍት ከታች እስከ ላይ አንድ ነው። አራተኛ ፎቅ ነን ማለት መከላከያ አይሆንም። የራሳችሁን ቱቦ ዙሪያ ድፈኑ፣ ቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ግን ከብሎኩ ኮሚቴ ጋር ተነጋገሩ። አጠገባችሁ አሮጌ ቤት እየፈረሰ ከሆነም ከመፍረሱ በፊት ነው መድፈን ያለባችሁ። እዚያ የነበሩት መጠለያ ፍለጋ ይበተናሉ።

ኩሱን ስታጸዱ

ደረቁን በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። መስኮት ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ጓንት አድርጉ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ አርሱት፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በወረቀት አንሱት። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። የሞተችውንም እንዲሁ አርሳችሁ በድርብ ላስቲክ አስራችሁ ጣሉ።

በዚያው አጋጣሚ ፍሪጅና ምጣድ ጀርባ ያሉትን ገመዶች እዩ። ላስቲኩ ተልጦ መዳቡ ከታየ ሶኬቱን ነቅላችሁ ኤሌክትሪሻን ጥሩ፣ በፕላስተር ጠቅልላችሁ አትለፉት። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል ማታ ማታ ዱቄቱን መነስነስ ቀጥሉ። ዱካ ካልታየ ወጥመዶቹን ሰብስቡ። ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ሰኔ አካባቢ፣ የግድግዳውን ግርጌና የጣሪያውን ጠርዝ እንደገና ዙሩ።