እስክስታ የምትወርደው ጀበናዬን እንዴት አስቂኝ አደረግኳት

ለአኒሜሽን ትምህርቴ የሠራኋት ገጸ ባሕርይ ጀበና ናት። እግር የላትም፣ ትከሻ የላትም፤ ግን ደሴ ፒያሳ መሃል ላይ ካልጨፈርኩ ትላለች። ሥዕሏ ብቻውን ያስቃል። ብሌንደር በሚባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር ላይ ሳንቀሳቅሳት ግን ክብደት አጥታ ተንሳፈፈች። ሳቁም ጠፋ።

አንዱ ምክንያት ቀላል ነው። ብሌንደር በሁለት ኪፍሬሞች (አቋሟን እኔ በወሰንኩባቸው ምስሎች) መካከል ያለውን እንቅስቃሴ ራሱ ያለሰልሰዋል። ኪፍሬሞቹን መርጬ «ቲ»ን ተጫንኩና «ኮንስታንት» አደረግኩት፤ አቋሟ እስከሚቀጥለው ኪፍሬም ሳይለወጥ ይቆያል ማለት ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም (ምስል) ስለምሠራ እያንዳንዱን አቋም ቢያንስ ሁለት ፍሬም አቆየሁት። አሁን ዱብ ዱብ ትላለች።

ዋናው ጉዳይ ግን ሸክላነቷ ነው። አኒሜሽን ስንጀምር መጭመቅና መለጠጥን እንማራለን። ሸክላ ግን አይለጠጥም! ከተለጠጠ ሸክላ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ሆዷን ድርቅ አድርጌ ተውኩት፤ ጭፈራውን ለማቶቷና ለውታፏ ሰጠሁ።

እስክስታው አንጀት የሚያርስ የወሎ ልጅ ጓደኛ አለኝ። በስልኬ ቀርጬው ፍሬም በፍሬም አየሁት። ትከሻው ከመመታቱ በፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያቺን ቆም ማለት ወሰድኳት። ጀበናዋ ማቶቷ ላይ ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ ውታፏ 4 ፍሬም ዘግይቶ ይከተላታል። ከዚያ 12 ፍሬም ምንም የለም። ጭጭ። ቀጥሎ ውታፉ ብቻውን አንዴ ንቅንቅ! ሰው የሚስቀው እዚህ ጋ ነው፤ እኔም ከሥራው ሁሉ ይቺን ቦታ እወዳታለሁ።

እንዲህ ዓይነት ነገር ለምትሠሩ፦ የማዞሪያ ነጥቡን ከሆዷ አውርዳችሁ ማቶቱን የምትነካበት ቦታ ላይ አድርጉት። አለበለዚያ ስታዘነብል ወለሉን ሰንጥቃ ትገባለች።